ለናርዶስ የሚሆን የአየር ጠመንጃ

ሚስቱ የፈቀደችው በውል ነው፦ ልጃቸው ናርዶስ እዚያው ጠመንጃ መሸጫው ሱቅ ጓሮ በሁለት ተኩስ የዒላማውን ካርቶን ከመታች የአየር ጠመንጃው ይገዛል፤ ከሳተች ብስክሌት። አባትየው በልቡ ሳቀ። ልጅቱ እኮ በየበዓሉ መንገድ ዳር ዒላማ ከሚያስተኩሰው ሰውዬ የሽልማት ከረሜላውን ሁሉ ጠራርጋ፣ "እናቴ ማሪኝ፣ የልጆች አባት ነኝ" ያሰኘች ናት።

ባለሱቁ ሽማግሌ ሰደፉ አጠር፣ ምላጩ ለሕፃን ጣት ለስለስ ያለውን መርጠው ሰጧት። አነጣጥራ ተኮሰች። ካርቶኑ ንክች አላለም።

"ቀይ ብስክሌት ያምርባታል" አለች ሚስቱ።

አባትየው ተንበረከከ። "ምን ነካሽ፣ የኔ አንበሳ?"

"አባዬ፣ ይሄ ተበላሽቷል! የሰውዬው ጠመንጃ ወደ ግራ ነው የሚሄደው፤ እኔ ወደ ቀኝ አነጣጥሬ እመታለሁ። ይሄ ግን ያነጣጠርኩበት ሄደ!"

"ታዲያ ቀጥ አድርገሽ አነጣጥሪያ!"

"ቀጥ አድርጌማ አላውቅም።"

ሚስቱን በጎን እያየ ወደ ሽማግሌው ጆሮ ጠጋ አለ።

"ጋሼ፣ ትንሽ ጠመም ያለ አይኖርዎትም?"