ዜድ የምትመስለዋ ፊደል

«ይቺ ፊደል ምን ትባላለች፣ ወይዘሮ ዳልዚል?»

እናትየዋ ወደ ፊደሏ ጎንበስ አለች። ማንበብ የጀመረችው በስተርጅና፣ ገና አምና ነው። የኤድንብራው ቤተ መጻሕፍት ክፍል በሩ ተዘግቷል፤ የልጇ መምህር ጣቱን ከአምስት መቶ ዓመቱ የስኮትላንድ ግጥም ላይ አላነሳም። ልጇን እንዳታሳፍራት ፈርታ የደረት ካርዷን ጨበጠች።

«ዜድ?» አለች።

«ተሸወዱ! ዜድ ትመስላለች እንጂ በጥንቱ አጻጻፍ ‹የ› ናት» ብሎ ሳቀ። ፊት ለፊት የተቀመጠችው ልጇ አቀረቀረች።

እናትየዋ ካርዱ ላይ የተጻፈውን ስሟን አየች። ዜዷ መሐል ላይ ቁጭ ብላለች።

«እርስዎም ተሸውደዋል፣ ጌታዬ። በእኛም ስም ላይ ያለችው ያቺው ናት። ሲጻፍ ዳልዚል፣ ሲጠራ ግን ዲየል ነው። ልጄ ሦስት ዓመት ሙሉ ስማችንን ተሳስተው ሲጠሩ ያላረመችዎት ፈርታ ነው።»

መምህሩ መነጽሩን አንስቶ ወጣ። ልጇ ወንበሯን ወደ እናቷ አስጠግታ ቀረች።