የኮማንደር ሳል

ኩዋኒ ሆደ ቡቡ ባይሆን ኖሮ ቤቱ የውሻ ማደሪያ አይሆንም ነበር። ከጋምቤላ በማታር በኩል ወደ ደቡብ ሱዳን ዘመድ ሊጠይቅ የሚሻገር ጎረቤት ሁሉ ውሻውን እየጎተተ እሱ ዘንድ ይመጣል። ባለጀልባዎቹ ውሻ አይጭኑማ። «እስክመለስ ብቻ» ይሉታል፤ እምቢ ማለት አይሆንለትም። አንዳንዱ ቶሎ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ውሻ እንደነበረውም ይረሳል።

የኩዋኒ የራሱ ውሻ አንድ ነው፤ ስሙ ኮማንደር። በጉልበቱ ዘመን ሰፈሩን ሲያዝ ኖሮ አሁን ጥርሱ ያለቀ፣ ዓይኑ የፈዘዘ ሽማግሌ ሆኗል። ኩዋኒና ሚስቱ ልጅ አልወለዱም። ቢወልዱም ኩዋኒ ልጁን ከኮማንደር አስበልጦ መውደዱ ያጠራጥራል።

አምና የውሻ በሽታ ገብቶ የሰፈሩን ውሻ ፈጀው። ኮማንደር በተአምር ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ኩዋኒ ቤቱ የሚያድሩትን እንግዳ ውሾች በክፉ ዓይን ያያቸው ጀመር። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ነው ነገሩ።

ግቢውን በቆርቆሮ ለሁለት ከፈለው። የእንግዶቹ ሳህን ሌላ፣ የኮማንደር ሌላ። ከእንግዶቹ ዘንድ ሲመለስ ጫማውን ይቀይራል፤ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ይፈትጋል። ሲሚንቶውን በበረኪና ሲያጥብ ሽታው ጉሮሮውን ይከረክረዋል፤ እያሳለም ቢሆን ያጥባል። ሲመሽ ኮማንደርን መኝታ ቤት ያስገባና የውሾቹ ትንፋሽ እንዳይደርስበት መስኮቱን በጆንያ ይወትፈዋል።

ሚስቱ ጥሩነሽ፣ አቦቦ ወረዳ ሠፈራ መንደር ያደገች፣ ነገር በሆዷ የማታሳድር ሴት ናት። የተወተፈ ክፍል ውስጥ መተኛት ስላቃታት ፍራሿንና አጎበሯን ይዛ በረንዳ ላይ ወጣች። በዚያ ሙቀት ውጭ ማደር ለጋምቤላ ሰው ብርቅ አይደለም።

«አንሶላህ ሲጨመቅ ባልዲ ይሞላል» አለችው አንድ ጠዋት። «ለውሻ ብለህ ታፍነህ ልትሞት ነው?»

«እኔ እችላለሁ» አላት። «እሱ ነው ሽማግሌ።»

«እችላለሁ» ይበል እንጂ መድከሙስ ደክሞት ነበር። ቀን መሃል ከተማ የባጃጅ ጎማ ሲለጥፍ ይውላል። ማታ ደግሞ ውሃ መቅዳት፣ የውሾቹን ቆሻሻ መጥረግ ይጠብቀዋል። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ስላለው በገመድ ያስረዋል። «እነዚህ ውሾች በልተው ጨረሱህ» ትላለች ጥሩነሽ።

እራት ሲቀርብ ጥቂት ይቀማምስና ይበቃዋል። የቀረውን ሥጋ አኝኮ፣ አለስልሶ፣ ከአፉ አውጥቶ በመዳፉ ለኮማንደር ያቀርብለታል። ጥርስ የሌለው ምን ይሁን? ኮማንደር በልቶ ሲጨርስ መዳፉን ይልሰዋል፤ ኩዋኒ በቀኑ ውስጥ ደስ የሚለው ያኔ ብቻ ነው።

እንዲህ እንዳሉ ሪክ የሚባል ዓሣ ነጋዴ ጎረቤታቸው ሲሻገር ቀይ ውሻውን ትቶላቸው ሄደ። ቀዩ ያስነጥሳል፤ አፍንጫው ይፈስሳል። ኩዋኒ ከሌሎቹ ሁሉ አርቆ ጥግ ላይ አሰረው። ብዙም ሳይቆይ ኮማንደር ማሳል ጀመረ።

«አላልኩህም?» አለች ጥሩነሽ። «ያ ቀይ ነው!»

የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ቤርሳቤ ሁለቱንም ውሾች አየቻቸው። ቀዩን መርፌ ወጋችው፤ ወዲያው ተሻለው። ለኮማንደር የሰጠችው ኪኒን ግን ጠብ የሚል ነገር አላመጣም። ውሻው በየቀኑ ከሳ፣ ጎኑ ተቆጠረ።

«ነገሩ አላማረኝም» አለች ሐኪሟ። «ናሙና ወስጄ አዲስ አበባ ልላከው።»

ኩዋኒ ፈራ። ኮማንደር የሌለበትን ቤት ሊያስበው ሞከረና አልሆነለትም። ቤቱ ሲደርስ ቀዩ ድኖ፣ ጠግቦ፣ ጭራውን እየቆላ ተቀበለው። በዕድሜው ውሻ መትቶ የማያውቅ ሰው ድንጋይ አነሳ። እስከ መንገዱ ድረስ አባረረውና ትንፋሹ እስኪመለስ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ቀዩ ዞር እያለ እያየው ወደ ባሮ ወረደ። ኩዋኒ በራሱ አፈረ፤ ግን መልሶ አልጠራውም።

የቀሩትንም ውሾች ለጎረቤት አከፋፈላቸው። ከሥራ ሲገባ በሩን ዘግቶ የኮማንደርን ጭንቅላት ደረቱ ላይ ያስደግፍና አፉን ጆሮው ላይ አድርጎ ይጸልያል። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ብቻ ተውልኝ» ይላል። ሁለቱም እንደደከሙ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

ውጤቱ ሲመጣ ዶክተር ቤርሳቤ አስጠራችው። ጥሩነሽ አብራው ሄደች፤ ኮማንደርን በባጃጅ ታቅፈው ወሰዱት።

«ቀዩ ነው አይደል?» አለ ኩዋኒ ገና ከበሩ እያሳለ። «አባርሬዋለሁ።»

«ቀዩማ ጉንፋን ብጤ ነበር። የኮማንደር ቲቢ ነው።»

«እና ከየትኛው ውሻ ያዘው?»

ሐኪሟ ጥሩነሽን አየት አደረገቻትና ወደ ኩዋኒ ተመለሰች።

«ውሻን ቲቢ የሚያስይዘው አብዛኛውን ጊዜ አብሮት የሚኖር ሰው ነው፤ ጋሼ ኩዋኒ፣ እርስዎ ማሳል ከጀመሩ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»