የሥራነሽ ጓዳ

ሥራነሽ ጎንበስ ብላ የጎጆውን በር አለፈችና ቀና አለች። ባዘዘው ከኋላዋ ቆሞ ጠበቀ። ከጣሊያን ጋር ሲታኮስ እንኳ ልቡ እንዲህ መትቶበት አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታቸውን ባንዳ ካቃጠለው ወዲህ ሚስቱ ሥራነሽ አምበር በሚባል አገር፣ ወንድሟ ደምለው ዘንድ ነበረች። ደምለው ለጣሊያን ገብቶ በሰላም ያርሳል፤ ባዘዘው ግን ጠመንጃዬን አላስረክብም ብሎ ጫካ ለጫካ ይዞራል። ይህን ጎጆ ከመስቀል ጀምሮ ጥሻ ውስጥ የቀለሰው ሚስቱን መልሶ ለማምጣት ነው። አሁን ደምለው በቅሎውን ይዞ ደጅ ከዛፍ ሥር ተቀምጧል። ቤቱ ከሆነላት ትቀራለች፤ ካልሆነላት ሳይመሽ ይዟት ይመለሳል። ባዘዘውም በዚህ ተስማምቷል። ምን ይበል?

ደምለው መንገድ ላይ ጆሮውን ሳብ አድርጎ ሌላም ነገር ነግሮታል። "ቤቷ ከተቃጠለ ጀምሮ አንዲት እንባ አልወጣትም። እኔስ ፈራሁላት" ብሎታል።

"ጠፍሩን ራሴ ነኝ የጠፈርኩት" አለ ባዘዘው፣ አልጋውን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ። "የበሬ ቆዳ ነው። ሁለት ሰው ይችላል።"

ሥራነሽ አልጋውን በጉልበቷ ገፋ አድርጋ አየችው። "አራት እግር አለው። ተመስገን ነው" አለች።

ይህን እንደ ምስጋና ቆጥሮት ቀጠለ። ጠመንጃውና በርኖሱ የሚሰቀሉበትን ኩላብ አሳያት፤ የውሃውን ገንቦ፣ አሞሌውን፣ ከማገሩ ላይ የተንጠለጠለውን ቋንጣ አሳያት። ጥግ ላይ ከከመረው እንጨት አንዱን አንስቶ ሰበረው።

"ደረቅ ወይራ ነው። ጭሱ እምብዛም ነው። ጣሪያውም አዲስ ሣር ነውና ከሩቅ ያብለጨልጫል ብዬ ቅጠል አለበስኩት። አውሮፕላን በላያችን ቢያልፍም አያየንም።"

"እንደ ሙሽራ ሸፋፍነኸዋላ!"

"ቀልጂብኝ!"

"እኔ ምን አልኩ?" አለች። አነጋገሯ የዱሮዋ ሥራነሽ ነው፤ ፊቷ ግን አልፈታ አለ። ባዘዘው ይህን ሲያይ ቶሎ ብሎ ከጎጆው በስተኋላ ወደ ሠራው የቀርከሃ ግድግዳ ወሰዳት።

"ይኸውልሽ ደግሞ ጓዳሽ!"

ሥራነሽ ገባች።

"ባዘዘው!"

"አቤት!"

"ባዶ ነው እኮ! ወፍጮ የለ፣ ምጣድ የለ፣ ሰፌድ የለ! ኧረ ጉልቻ እንኳ የለም!"

የባዘዘው ጆሮ ጋለ። ወንድ በችሎት ሴት በማጀት ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው ነው። ይህን ያህል ዘመን አብረው ሲኖሩ አንድ ቀን ጓዳዋን አልረገጠም፤ ቢረግጥ አገር ሴታሴት ብሎ ስም ያወጣለታል። ሞሰቡ ከዚያ ይወጣል፣ ጠላው ከዚያ ይቀዳል፤ በምን ተሠርቶ እንደሚወጣ የሚያውቀው እግዜርና ሥራነሽ ናቸው። የዚህን ጓዳ ግድግዳ ከውስጥ ሲመርግ እንኳ ሰው አየኝ አላየኝ እያለ ዞር ዞር ሲል ነበር፤ ከጦጣ በቀር ማንም በማያይበት ጫካ!

"ምን እንደሚገባበት በምን አውቄ?" አለ። "እኔ የማውቀው ግድግዳውን ብቻ ነው።"

ከውስጥ እንደ ሳቅ ያለ ድምፅ ሰማ። ሳቀችልኝ ብሎ ደስ አለው። ትንሽ ቆይቶ ግን ሳቅ አለመሆኑ ገባው።

"ሥራነሽ! ወፍጮ እንደሆነ አመጣልሻለሁ። ከይጁቤ ገበያም ቢሆን ተሸክሜ..."

"ዝም በል እስቲ። ተወኝ ላልቅስበት።"

ባዘዘው ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

"በደምለው ቤት ጓዳው የሚስቱ ነው" አለች፣ ድምጿ እየተቆራረጠ። "በሰው ጓዳ እንዴት ይለቀሳል? ምን አጎደልንባት ይሉኛል። ደጅ ወጥቼ እንዳላለቅስ ባንዳው ይስቅብኛል። ይኸው እንባዬን ተሸክሜ ዞርኩ።"

"ዱሮስ? ዱሮም ጓዳ ገብተሽ ታለቅሺ ነበር?"

"ታዲያ የት ላልቅስ? በእንግዳ ፊት? እናቴ የሞተች ሰሞን አለቀስኩ። ልጃችንን የቀበርን ጊዜ ሰው ሁሉ ተበትኖ ሲሄድ አለቀስኩ። አንተ በዘመትክ ቁጥር አለቀስኩ።"

ባዘዘው ደነገጠ። ከጓዳ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ያየበት ጊዜ ብዙ ነው። ምን ሆንሽ ሲላት "ጭሱ ነው" ትለው ነበር። እሱም ያምናት ነበር። ጭስ ነው ብሎ ስንት ዘመን በልቶ ጠጥቶ ተኝቷል! በራሱ አፈረ፤ እሷም አሳዘነችው፣ አንጀቱን በላችው። ሰው ምን ቢል ግድ የለኝም ብሎ አንድ እግሩን ወደ ጓዳው አነሣ።

"እንዳትገባ!" አለች ከውስጥ። "የኔ ነው። ይልቅ ውጣና ደምለውን አሰናብተው። ሳይመሽበት ይሂድ።"

እግሩን መለሰ። ቀስ ብሎ፣ ኮሽታ ሳያሰማ፣ ወደ ደጅ ወጣ።

ፀሐይዋ ወደ ቆላው ዘቅዘቅ ብላለች። ደምለው በቅሎውን ጭኖ፣ ልጓሙን ይዞ ቆሟል።

"እህስ? እንሂድ ትላለች?"

"አንተ ሂድ" አለ ባዘዘው። "እሷ ቀርታለች።"

ደምለው አላመነም። በባዘዘው ትከሻ ላይ አሻግሮ ጎጆውን አየ። "ታዲያ ጥራልኝና ልሰናበታት እንጂ!"

"አሁን አትመችም" አለ ባዘዘው። "ጓዳ ናት።"