የዳይሬክተሯ ቧንቧ

በዚያ ዘመን የውሃ በጎ አድራጎት ድርጅት የሚመራ ሰው፣ ድርጅቱ ከሚረዳቸው መንደሮች እጅግ ደረቁ ከሚያገኘው በላይ ውሃ ቤቱ አይገባለትም ነበር። ሕጉ ይኸው ነው። ዘህራ ሁመድ ደግሞ የአንድ ትልቅ ዓለም አቀፍ ድርጅት ዳይሬክተር ናት። ድርጅቷ ከሚረዳቸው መንደሮች እጅግ ደረቁ ሃሮሌ ስለሆነ፣ ድሬዳዋ ያለው ቤቷ ቧንቧም ጠዋት ሁለት ጀሪካን ሞልቶ ይዘጋል። ልጇ ሃዋ ፀጉሯን የምታጥብበት ብታጣ ባለፈው ሳምንት ተላጭታለች።

አንድ ቀን የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ ልሳኑ ቴክኒሻን አስከትለው መጡ።

«እንኳን ደስ አለዎት! ለመሪዎች ልዩ ፈቃድ አስወጥተናል። ቧንቧዎ ዛሬ ይከፈታል።»

«የሃሮሌ መንደር ፓምፕስ ተጠገነ?»

«እሱ ለሚቀጥለው ዓመት ታቅዷል።»

ዘህራ የልጇን ራስ አየች። ቢሆንም ቧንቧው ፊት ሄዳ ቆመች።

«ከከፈታችሁልኝ የሃሮሌን ሰዎች እረሳቸዋለሁ፤ እኔ ራሴን አውቃለሁ» አለች።

«እምቢ ካሉ ከሥልጣን ይነሳሉ!»

«ያንሱኝና እናያለን!» አለችና ወደ ቴክኒሻኑ ዞረች። «ወንድሜ፣ መሣሪያህን ይዘህ ተነስ። ሃሮሌ እንሄዳለን።»

በሦስተኛው ቀን የሃሮሌ ፓምፕ ውሃ ሲተፋ የስንብት ደብዳቤዋ በመልእክተኛ እጅ እዚያው ደረሳት። ዘህራ ቆማ አነበበችው። ከዚያም ጭቃ በነካው ጣቷ «አልቀበልም» ብላ ጻፈችበትና ለመልእክተኛው መለሰችለት።