የአክስት ዘጭ ካሴት

ሰው በሠርጉ ቀን ቢወድቅ አንድ ጊዜ ነው የሚወድቀው። እሷን ግን ታላቅ ወንድሟ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲጥላት ኖሯል። ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ያችን ቪዲዮ ይከፍታል። ከመኪና ስትወርድ የቬሎዋን ጫፍ ትረግጣለች፣ በግንባሯ ትደፋለች፣ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ያ አልበቃ ብሎት ወደ ኋላ ያጠነጥነዋል፤ ከመሬት ብድግ ትላለች፣ መልሳ ትወድቃለች። የወንድምና የእህት ልጆች ስሟን ረስተው «አክስት ዘጭ» ነው የሚሏት።

ዛሬ ደግሞ ሳሎኑ ውስጥ የልጇ እጮኛ እናትና አባት ተቀምጠዋል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡ እንግዶች። ወንድምየው «የቤተሰባችንን ታሪክ በዲቪዲ ላሳያችሁ» ብሎ ደረቱን ነፍቶ ተነሳና እሷን እየጎተተ መኝታ ቤቱ ገባ። ኮምፒውተሩን የሚያራግብለት ሰው ይፈልጋል።

ኮምፒውተር ከተባለ ነው። ጎኑ ተገልጦ አንጀቱ ወጥቷል። የውስጥ ማራገቢያው ከሞተ ሰንብቷል፤ ሲሞቅ ድርግም ብሎ ይጠፋል፣ የቀዳውንም ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ዲስኩ ተቀድቶ እስኪያልቅ አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ በካርቶን ቁራጭ ማራገብ አለበት። በዚህ ቤት ለታመመ ሰው እንኳን እንዲህ ተራግቦ አያውቅም።

«እጅሽ አይዛል!» አላት፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። አንድ ጊዜ ካሜራ ገዛና ዕድሜ ልኩን ዳይሬክተር ሆኖ ቀረ። ከቀረጸው ሁሉ ግማሹ ጣሪያ ነው፣ ግማሹ የገዛ አውራ ጣቱ።

«ጋሼ፣ የእኔን አውጣው። ሰዎቹ እንግዳ ናቸው።»

«ምን ነካሽ? የልደት ሻማ እፍ ሲባል ማን ቁጭ ብሎ ያያል? የቪዲዮው ጨው እኮ አንቺ ነሽ፣ ዘጭዬ!»

«ልጄ ታፍራለች።»

«ሳቅ ሰው ያቀራርባል። ቀልድ የማይገባው አማች ቢቀርባትስ? ይልቅ አራግቢ።»

አራገበች። «ቀልደኛ ሞተሃል» አለች በሆዷ። በሃያ ዓመት አንዲት ቀልድ፤ እሷም በሰው ግንባር።

የዛሬው አሮጌው ቅጂ አልነበረም። ምስሉ ይጠራል ብሎ ዋናውን ካሴት ከሻንጣ ሥር አውጥቶ እንደ አዲስ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገብቶታል። እንደ ልማዱ እሷ ከወደቀችበት ላይ ሊቆርጠው ነው። ከፈተው። መኪናው መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ወረደች፣ ተደፋች። ሳቁ ፈነዳ። ወንድምየው ማውዙን ተጫነ። ስታክ አድርጓል። ደግሞ ተጫነ። ማውዙ ደርቆ ቀረ፤ ቪዲዮው ግን በራሱ ጊዜ ቀጠለ።

ከሚስቀው ሰው መሃል አንዲት ሴት እየሮጠች ገባች። እናታቸው ናት። ሻርፗን ከትከሻዋ ገፍፋ የልጇን እግር ሸፈነች፤ ተንበርክካ ግንባሯን በመዳፏ ጠረገችላት። ከዚያ ቀና ብላ ካሜራው ላይ አፈጠጠች።

«አንተ! እህትህ አፈር ላይ ተደፍታ ካሜራ ይዘህ ትገለፍጣለህ? እጅ የለህም? የሚያነሳት ወንድም አጥታ እኔ አሮጊቷ ልሩጥ? ሁለተኛ እህቴ እንዳትላት!»

ስክሪኑ ጠቆረ።

ካርቶኑ በእጇ ላይ ቆመ። እናቷ እንዳነሳቻት ታውቃለች። ይህን ቃል ግን በመኪና ጡሩምባ ጩኸት አልሰማችውም ነበር፤ እናቷም ሳትነግራት ሞታለች።

«ይሄን ነው ስትቆርጥ የኖርከው?»

«ድምፁ ጥሩ ስላልሆነ ነው።»

«ለእኔ ጥርት ብሎ ተሰማኝ።»

«ኧረ አራግቢ፣ እየሞቀ ነው!»

ካርቶኑን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና ተቀመጠችበት። «እንዳለ ቅዳው።»

ወንድምየው ወደ በሩ አየት አድርጎ ድምፁን ቀነሰ። «እሺ በቃ፣ ያንቺን ሙሉ ለሙሉ ላውጣልሽ። ከመኪናው ጀምሮ። እሱን አይደል የፈለግሽው?»

«ቅድም ነበር የፈለግሁት። አሁን እማማ ትታይ።»

«አበድሽ እንዴ! በባዕድ ፊት ልሰደብ?»

«እኔን ስወድቅ ሃያ ዓመት አይተውኛል። አንተን አንድ ቀን ስትሰደብ ይዩህ።»

ኮምፒውተሩ እንደ ማንቆርቆሪያ ማፏጨት ጀመረ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ከሳሎን «ኧረ ዲቪዲው ደረሰ ወይ?» የሚል ድምፅ መጣ። ወንድምየው አፉን ከፈተ።

«ጥራ እንጂ» አለችው። «የሚያራግብልህ ሌላ ሰው ጥራ። ሲመጣ የእማማን ቃል ለሱም እከፍትለታለሁ።»

አፉን ገጠመ። ላቡን በእጅጌው ጠረገና እናቱን ሳይቆርጥ መቅጃውን ተጫነ። እሷም ካርቶኑን ከሥሯ ስባ አወጣች። ከዚያ በኋላ ስክሪኑን አላየችም፤ ዓይኗ የእሱ እጅ ላይ ነበር። እጁ አንዴ ወደ ማጥፊያው ሄደ።

«የቀረህ ባዶ ዲስክ እሱ ብቻ ነው» አለችው።

እጁን ጉልበቱ ላይ መለሰው፤ እንደተቀጣ ተማሪ።

የዲስኩ መሳቢያ ጓ ብሎ ወጣ። ራሷ አነሳችው፤ ይሞቃል። ወንድምየው አልጋው ጠርዝ ላይ ተዘርፍጦ ግንባሩን ያዘ።

«እኔን ራሴን አሞኛል። እናንተ እዩ።»

«ተነስ ጋሼ፣ አትለግም። ከአማቾቼ አጠገብ ቦታ አስይዝልሃለሁ።»

በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች፤ ዲስኩን ሌባ ጣቷ ላይ እንደ ቀለበት አጥልቃ ወደ ሳሎኑ ገባች።