ለካድሬው የተጻፉት የቅዳሜ ሪፖርቶች

«ስማቸውን አውቀዋለሁ። እኔ የምፈልገው የሚሉትን ነው» አለው ካድሬው።

1971 ዓ.ም. ነው። ድሬዳዋ። ሙቀቱ የቀበሌውን ጽሕፈት ቤት ቆርቆሮ ያንጣጣዋል...

ከጠረጴዛው ፊት የቆመው ቡልቻ ይባላል። የሃያ አራት ዓመት የባቡር ሠራተኛ።

ታላቅ ወንድሙ ለሚ ታስሯል። በምን እንደታሰረ የነገራቸው ሰው የለም።

ካድሬው ጓድ ሽብሩ ነው። ሲጮህ ተሰምቶ አያውቅም። ሰዉ የሚፈራውም ለዚሁ ነበር።

ትእዛዙ አጭር ነው። ለገሃሬ ሰፈር ውስጥ አሰገደች የምትባል ልብስ ሰፊ አለች። የእሷና የመሰሎቿ ጸሎት ቤት በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ቤቷ ውስጥ በድብቅ መጽሐፍ ቅዱስ ታስተምራለች። ቡልቻ አማኝ መስሎ ይግባ። የሰማውን እየጻፈ በየቅዳሜው ያምጣ። ወንድሙ ይፈታል።

እምቢ ካለ ግን... ሽብሩ ይህን አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም።

ቡልቻ የተቀደደ ሱሪ ይዞ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄደ። ሱሪው ተጠገነ። እሱም «መማር እፈልጋለሁ» አለ።

እሱን ጨምሮ የሚማሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

አንዱ ክር የሌለውን የስፌት መኪና በእግሩ ይመታል። ሌሎቹ ያነባሉ። የመኪናው ጩኸት ንባቡን ይሸፍናል።

በር ላይ ሙስሊሟ ጎረቤት ሃሊሞ ሳምቡሳ ትሸጣለች። የማታውቀው ሰው ወደ ግቢው ሲጠጋ «አቦ፣ እትዬ ዛሬ የለችም» ብላ ትመልሰዋለች።

ቡልቻን ግን ታሳልፈዋለች። እየሳቀችለት...

እትዬ አሰገደች ከመጽሐፍ ቅዱሷ አንድ ገጽ ቀድዳ ለእያንዳንዱ ትሰጣለች። ያንን በቃል ይዞ መመለስ ነው።

ደግሞ «ገባህ ወይ?» ብላ አትጠይቅም።

«አንብበሃል። ታዲያ ምን አደረግክበት?» ነው የምትለው።

ያደረገበትን ቡልቻ ያውቃል። ሪፖርት።

በየቅዳሜው ሽብሩ ወረቀቱን ተቀብሎ ያነባል፣ መሳቢያው ውስጥ ይከታል፣ ይቆልፋል።

አንድ ቀን «እያሳጠርከው ነው። ቃል በቃል ጻፍ» አለው።

በሌላኛው ቅዳሜ ደግሞ «ይህ ጴጥሮስ የሚባለው ሰውዬ... ጌታውን ከካደ በኋላ ምን ሆነ አለች?» ሲል ጠየቀው።

«ገና አልደረስንበትም።»

«ስትደርሱ ጻፈው።»

ቡልቻ፣ ሽብሩ ሁሉንም በአንድ ቀን ሊለቅማቸው ጊዜ እየጠበቀ ነው ብሎ አሰበ። በዚያው ወር በጎረቤት ቀበሌ እንደ አሰገደች የሚያስተምር ሰው ተወስዶ የደረሰበት ጠፍቷል።

ጴጥሮስ ጋ የደረሱ ዕለት መኪናውን የሚመታው ቡልቻ ነበር።

ሦስት ጊዜ የካደውን ሰው ጌታ በባሕሩ ዳር ዓሣ ጠብሶ እንደጠበቀው፣ ሳይወቅሰው በጎቹን መልሶ አደራ እንደሰጠው እትዬ አሰገደች ታነባለች...

የቡልቻ እግር ቆመ።

የመኪናው ድምፅ ሲጠፋ ሁሉም ደርቀው ቀሩ። ከውጭ ሰው የመጣ መስሏቸው።

እሱ ግን እያለቀሰ ነበር።

ሌሎቹ ሲሄዱ ሁሉንም ነገራት። ወንድሙን... ሽብሩን... ሪፖርቱን።

እትዬ አሰገደች መጽሐፍ ቅዱሷን ከደነች።

«ለእኔ የነገርከኝን ሄደህ ለእሱም ንገረው። ከእንግዲህ አልጽፍም በለው» አለችው።

«ወንድሜስ?»

«እሱን እኔም አላውቅም ልጄ። አብረን እንጸልያለን።»

እሱ ሲወጣ የደንበኞቿን ልብስ እያጠፈች በየላዩ ላይ የባለቤቶቹን ስም መጻፍ ጀመረች። ከወሰዷት ልብሱ ለየባለቤቱ እንዲደርስ...

ቡልቻ ጽሕፈት ቤቱ ገባና ቆመ። ባዶ እጁን።

«ከእንግዲህ አልጽፍም፣ ጓድ። እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ።»

ሽብሩ ተነስቶ በሩን ከውስጥ ቆለፈው።

ቡልቻ ዓይኑን ጨፈነ።

የሰማው ግን የመሳቢያ ድምፅ ነው። ሲገልጥ ሪፖርቶቹ በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል። ከመነበብ ብዛት ጠርዛቸው ተልጧል።

«ለበላይ አካል አንድም አላስተላለፍኩም» አለ ሽብሩ። «ጴጥሮስ ምን ሆነ?»

ቡልቻ ቆሞ ነገረው። የዓሣውን... የበጎቹን...

ሽብሩ አንገቱን ደፋ። «እሱ የካደው በአፉ ነው። እኔ በፊርማዬ ሰው አስወስጃለሁ። ለእንደኔ ዓይነቱስ?»

እትዬ አሰገደች እዚያ የለችም። ሮጦ የሚጠይቀው ሰው የለም። ቡልቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ መመለስ ነበረበት።

«እኔም ያመኑኝን ሰዎች አሳልፌ የሰጠሁ ነኝ። ግን ጌታ አላባረረኝም» አለው።



ሽብሩ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ሰጠው። «ዛሬውኑ አቃጥላቸው። ከዚህ አካባቢ ለምን ሪፖርት እንደማይመጣ የበላዮቼ መጠየቅ ጀምረዋል። ሴትዮዋን ከከተማ አውጣት።»

አሰገደች በማግስቱ በባቡር ወጣች።

በሳምንቱ ለሚ ተፈታ። የመፈቻው ወረቀት ላይ የሽብሩ ፊርማ ነበር።

ቡልቻ ሊያመሰግነው ሄደ። ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል።

«ጓድ ሽብሩስ?»

«ማን ሽብሩ?» አለው ሰውየው።

እስከ ዛሬ ወሬው አልተሰማም።

ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ጋሽ ቡልቻ ናቸው። ዛሬ ሰባ ዓመት ሆኗቸዋል። በየሳምንቱ ወጣቶች ሰብስበው ያስተምራሉ።

እትዬ አሰገደች እስክትሞት ድረስ ሽብሩን በስሙ እየጠራች ትጸልይለት ነበር። መልኩን እንኳ አይታው አታውቅም።

እሷ የምታስተምረው ሦስት ሰው ይመስላት ነበር... አራተኛው ከተቆለፈ መሳቢያ እያወጣ ይማር ነበር።

ወዳጆቼ፣ የዘራነው ቃል የት እንደሚበቅል አናውቅም። የእኛ ድርሻ ፈርተንም ቢሆን በታማኝነት ማስተማር ነው። መማር ደግሞ የሚፈተነው አስተማሪያችን አጠገባችን በሌለችበት ቀን ነው።

እናንተ ቡልቻን ብትሆኑ ባዶ እጃችሁን ወደዚያ ቢሮ ትመለሱ ነበር? እናንተንስ በእምነት ያሳደጋችሁ ሰው ማነው? ስሙን ኮመንት ላይ ጻፉልን... 🙏