ቁልፉ የተዛወረ ኮት

ልጅቷ መስታወቱ ፊት ቆማ የእናቷን ግራጫ ኮት ለበሰችና ትከሻውን አስተካከለች። ሥራ የምትጀምርበት ቀን ነበር። እናትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ከልጅቷ መንቀል አቃታት። ታይፒስት ሳለች ያንን ኮት ስትለብስ ጀርባዋ ራሱ ቀጥ ይልላት ነበር። ናፍታሊን እየጨመረች እስከዚያች ቀን ያቆየችውም ለዚህ ነው።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድነው?» አለች ልጅቷ፣ ከቁልፎቹ ጎን የተደረደሩትን መርፌ የበሳቸውን ቀዳዳዎች በጣቷ እየነካካች። «ወንፊት እኮ አስመሰልሽው! ገና በመጀመሪያው ቀን መሳቂያ ልሁን እንዴ? በቃ፣ ሹራቤን እለብሳለሁ።» አንድ እጇን ከእጅጌው አወጣች።

እናትየው ሌላ ጊዜ ቢሆን ታኮርፍ ነበር። ያን ጠዋት ግን ተነስታ ቀዳዳዎቹን ዳበሰች። «ያኔ ታይፒስት ካረገዘች ትሰናበታለች። ሆዴ ገፋ ባለ ቁጥር ቁልፉን ወደ ዳር እያዛወርኩ እሰፋው ነበር። አለቃዬ ‹ደልቶሻል› ይለኛል፤ እኔም ‹ተመስገን› እለዋለሁ።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋ ቆመ። «እኔን አርግዘሽ?»

«ታዲያ ማንን? በዚህ ኮት ቢሮ ስትገቢ ዛሬ የመጀመሪያሽ አይደለም፣ የኔ እመቤት።»

ልጅቷ ያወጣችውን እጇን ቀስ ብላ መለሰችና ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈች። «ያኔስ አርፌ እቀመጥ ነበር?»

«ምን ታርፊያለሽ! አለቃዬ በጮኸ ቁጥር ትራገጪ ነበር።»